ተጨማሪ መረጃ፦ የተበላሸው ቦርሳ

ጁዲት ሊበር እ.ኤ.አ. በ1921 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ለንደን ሄዳ ኬሚስትሪ እንድትማር ታስቦ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን መንገዱን ዘጋው። እዚያው ቡዳፔስት በሚገኝ አንድ የእጅ ቦርሳ መሥሪያ ገብታ ወለል ከመጥረግና ሙጫ ከማፍላት ጀመረች። ቀስ በቀስ ንድፉን፣ ቆዳ ቆረጣውንና ስፌቱን ተማረች፤ በቡዳፔስት የቦርሳ ሠሪዎች ማኅበርም የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ኒውዮርክ ስትደርስ ትልቁ ሀብቷ ይህ ሙያ ነበር፤ አንድን ቦርሳ ከወረቀት ንድፍ እስከ መጨረሻው ስፌት ብቻዋን መሥራት ትችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1963 ከባለቤቷ ከሠዓሊው ጌርሰን ጋር የራሷን ድርጅት አቋቋመች። ከአራት ዓመት በኋላ ያሠራችው የብረት ቦርሳ ልባጡ ተበላሽቶ መጣላት። አልጣለችውም። እንከኑን በሚያብረቀርቁ የመስታወት ፈርጦች ሸፈነችው፤ ዝናዋም ከዚሁ ተወለደ። በእንስሳትና በአትክልት ቅርጽ የሠራቻቸው፣ ፈርጣቸው አንድ በአንድ በእጅ የተለጠፈ ትናንሽ የምሽት ቦርሳዎች ከዕቃ መያዣነት ይልቅ ለጌጣጌጥ ይቀርባሉ። የአሜሪካ ቀዳማዊ እመቤቶች ይዘዋቸዋል፤ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም አስቀምጧቸዋል። ጁዲትና ጌርሰን እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ ቀን፣ በሰዓታት ልዩነት አረፉ።