ያውቁ ኖሯል? የግፊት ኪኒን ከስኳርዎ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ደም ግፊትን የሚያወርድ ኪኒን ስኳርን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይባላል፤ ሽንት የሚያበዛው ነው። ጨውና ውሃውን ሲያስወጣ ፖታሲየምንም ይዞ ይሄዳል። ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይለግማል!

ዘመዱ ዳያዞክሳይድ ይብሳል! ግፊት እንዲያወርድ ተሰጠ፤ ስኳርን ሽቅብ ሰደደው። ሽንት እንደማብዛትም ጭራሽ ውሃ ያስቀራል! ሐኪሞች ግን አልጣሉትም። ኢንሱሊን በዝቶባቸው ስኳራቸው ለሚወርድ ሕፃናት ዛሬ የሚሰጠው እሱ ነው። ጉዳቱ ሙያ ሆነለት!

ገና ምን አይተው! ዳያዞክሳይድ በቆሽት ሴሎች ላይ የሚከፍተውን በር፣ የስኳር ሕሙማን የሚውጡት ግሊቤንክላማይድ ይዘጋዋል። ያንኑ በር!

እ.ኤ.አ. በ1942 በፈረንሳይዋ ሞንፔሊዬ፣ ለታይፎይድ የሰልፋ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕሙማን ስኳራቸው አሽቆለቆለ። የስኳር ኪኒን መነሻው ይህ ነው። ሽንት የሚያበዛው የግፊት ኪኒንም የተገኘው ከሰልፋ ነው! አንዱ ስኳር ያወርዳል፣ ሌላው ያወጣል፤ የአንድ ቤት ልጆች!

ስኳር ሲወርድ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ፕሮፕራኖሎል የተባለው የግፊት ኪኒን ሁለቱንም ሊደብቃቸው ይችላል! ላብን ግን አይደብቅም። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ድንገተኛ ላብን አይናቁ!

ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት ኪኒን የተወለደው ከእፉኝት መርዝ ነው ቢባሉ ያምናሉ? ጃራራካ ትባላለች፤ የብራዚል እባብ ናት። የመርዟ ምርምር አድጎ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ኪኒን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተሰማው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፦ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ኩላሊታቸውን በጎዳባቸው ሰዎች ላይ የሞት፣ የኩላሊት እጥበትና የንቅለ ተከላን አደጋ በግማሽ ቀነሰ! መርዝ ኩላሊት አዳነ!

ከ33,000 በላይ የግፊት ሕሙማን በሦስት ኪኒን ተከፈሉ። ስኳር ያልነበረባቸው ከአራት ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ሽንት የሚያበዛውን ክሎርታሊዶን ከወሰዱት 11.6 በመቶ፣ አምሎዲፒን ከወሰዱት 9.8 በመቶ፣ ሊሲኖፕሪል ከወሰዱት 8.1 በመቶ የስኳር መጠናቸው ከበሽታው መስመር አልፏል። በድንገተኛ የልብ ሕመም ግን ሦስቱም እኩል ወጡ! እንቆቅልሽ አይደል?

እንግሊዝ ውስጥም እንዲሁ ሆነ። አቴኖሎል የተባለውን የግፊት ኪኒን የዋጡት የስኳር ሕሙማን ካፕቶፕሪል ከዋጡት ይበልጥ ወፈሩ፤ ስኳራቸውም ባሰ። ጥቅሙ ግን እኩል! ግፊትን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ብቻውን ስትሮክን በ44 በመቶ ቀነሰ!

ቬራፓሚል የቆየ የግፊትና የልብ መድኃኒት ነው። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ገና በተገኘባቸው ልጆች ላይ ሲሞከር፣ ቆሽታቸው የራሱን ኢንሱሊን ማመንጨቱን ረዘም አድርጎ አቆየላቸው!

ተገላቢጦሹም አለ! እ.ኤ.አ. በ1835 ከፖም ዛፍ ሥር ልጥ ፍሎሪዚን የተባለ ነገር ወጣ። የእሱ ዘመድ የሆነው የስኳር ኪኒን፣ ኤምፓግሊፍሎዚን፣ ስኳርን በሽንት ያስወጣል። ግፊትንም ጥቂት ያወርዳል!

ይህን አንብበው ታዲያ ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ! ሐኪምዎ የግፊት መድኃኒት ሲቀይሩልዎ ግን ስኳርዎን ደጋግመው ይለኩ፤ ፖታሲየምዎ ይታይ እንደሆነም ይጠይቋቸው።