የመኪና ድምፅ በአቅም፦ ከዋት በፊት ምን ይቅደም?

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ጽሑፍ



በዕፅዋት መካከል ቆሞ ስለ መኪና ቴፕ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ምክንያት ግን አለኝ። እስኪ ለአፍታ ዝም ብለን እናዳምጥ። የሰማችሁት በጽዱ ቅርንጫፎች መካከል የሚያልፈውን ነፋስና የወፎቹን ድምፅ ነው፤ 40 ዴሲቤል ገደማ ቢሆን ነው። ከዚህ ወርደን በመኪና ወደ መሃል ከተማ ስንጓዝ፣ መስኮቱ ተዘግቶም ቢሆን፣ የጎማው፣ የሞተሩና የነፋሱ ጩኸት 65 እና 70 ዴሲቤል ይደርሳል። ሬዲዮ የሚሰማን ከዚህ ጩኸት በላይ ሲወጣ ነው። በፊዚክስ መምህር ዓይን ካየነው፣ የመኪና ድምፅ ነገር በቅድሚያ የጩኸት ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ መኪና ልውሰድ፤ ቶዮታ ቪትዝን። በከተማችን ከምናያቸው ቪትዞች ብዙዎቹ ጃፓን ውስጥ አገልግለው የመጡ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ ግድ ሆኗል። ከእነዚህ ቪትዞች ብዙዎቹ በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩ ታክሲዎች ናቸው። አሽከርካሪው በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት በውስጣቸው ይውላል፤ ሬዲዮው የሥራ ባልደረባው ነው። ይህን ገለጻ ሳዘጋጅ በዋናነት ያሰብኩት እርሱን ነው።

ከጃፓን የመጣውን ቴፕ ሲከፍት ሸገርንም ፋናንም አያገኝም። «ሬዲዮው ተበላሽቷል፣ አዲስ ግዛ» ይባላል። ሬዲዮው ግን ጤነኛ ነው። ጃፓን ለኤፍ ኤም ሥርጭት የመደበችው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ነበር፤ ኋላ እስከ 95 አራዝማዋለች። እኛ የምንጠቀመው ከ87.5 እስከ 108 ያለውን ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፣ ሁሉም ከዚያ ቴፕ ጣሪያ በላይ ይቀራሉ።

ለዚህ መፍትሔው «ኮንቨርተር» የምትባል፣ በመዳፍ የምትያዝ ርካሽ ሣጥን ናት። በአንቴናው ገመድና በቴፑ መካከል ትገባለች፤ ሥራዋም መቀነስ ነው። 20 ሜጋኸርዝ የምትቀንሰው ሸገርን በ82.1፣ ፋናን በ78.1 ታስቀምጣለች። አሐዱ 94.3 ግን 74.3 ላይ ወርዶ ከወለሉ በታች ይወድቃል። 16 የምትቀንሰውን ብትመርጡ አሐዱን በ78.3 ታገኙታላችሁ፤ በምትኩ ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 ወደ 91.8 ይመጣና ጣሪያው 90 በሆነ ቴፕ ላይ ያመልጣችኋል። ስለዚህ የምትወዷቸውን ጣቢያዎች ቁጥር በወረቀት ይዛችሁ፣ ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ቀንሱ። የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ እንዲህ ባለ ቦታ ገንዘብ ያድናል።

ቴፑን የግድ መቀየር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» የሚል ጽሑፍ ይጠብቀዋል። ይህን ቁጥር አብረን እንመርምረው። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ገደማ ነው፤ የተለመደው ስፒከር 4 ኦም ነው። ድምፁ ሳይዛባ ከዚህ ቮልቴጅ በስሌት ሊወጣ የሚችለው ቢበዛ 26 ዋት ሲሆን፣ በተግባር 18 ወይም 20 ይሆናል። ታዲያ 50 ከየት መጣ? 14.4ን በራሱ አባዙና ለ4 አካፍሉት፤ 52 ገደማ ታገኛላችሁ። ይህ የሚሆነው የድምፁ ማዕበል ከላይም ከታችም ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሲሆን ነው። አምራቹ ዋሽቷል አልልም፤ የነገረን ግን ማንም ሊያዳምጠው የማይወደውን ድምፅ መጠን ነው።

ከዋት ይልቅ በስፒከሩ መግለጫ ላይ በዴሲቤል የተጻፈውን ቁጥር እዩ። ስፒከሩ በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠውን ድምፅ ያመለክታል፤ ለመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ86 እስከ 93 ነው። ኃይልን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ 88 የሚለውን ስፒከር በ91 የተካ ሰው፣ ባትሪውንም ሽቦውንም ሳይነካ የማጉያውን ኃይል በእጥፍ እንዳሳደገ ይቆጠራል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚብሰው ብክነት ያለው እዚያ ነውና። ስፒከር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ድምፅ ይሰጣል፤ የፊቱ አየሩን ሲገፋ የኋላው ይስባል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ፤ ይበልጡን የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የምንለው ነው። የበሩ የውስጥ ብረት በትልልቅ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ፋብሪካው በላስቲክ ሸፍኗቸዋል፤ ነገር ግን መስኮት የሚጠግን መካኒክ ላስቲኩን ቀዶ እንደዚያው መተዉ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ባለመኪና ቤዝ ጎደለኝ ብሎ ትልቅ ሳጥን ይገዛል፤ ቤዙ ግን በበሩ ቀዳዳ እየፈሰሰ ነው። ላስቲኩን መመለስ፣ ቀዳዳዎቹን በሚጣበቅ የጎማ ምንጣፍ መድፈን፣ ስፒከሩን በአናጢ ከተቆረጠ የኮምፔንሳቶ ቀለበት ጋር አጥብቆ ማሰር፣ ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቀለበቱ ግን በደንብ ቀለም ይቀባ፤ የእኛ ክረምት በበሩ ውስጥ ውኃ ያወርዳል። በበሩ ግርጌ ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አደራ እንዳትደፍኗቸው። ለጣሪያ የሚሆን ሬንጅ መጠቀምንም አልመክርም፤ ፀሐይ ሲመታው ይሸታል፣ ይቀልጣልም።

ያለ አንዳች ወጪ የሚደረግ ምርመራም አለ። ድምፁን በቴፑ ማስተካከያ ወደ ግራ ብቻ አድርጉት፤ ቤዙ ከቀድሞው ከጨመረ የአንዱ በር ሽቦዎች ተገልብጠዋል ማለት ነው። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው እየሳበ ኖሯል። የትኛው እንደተገለበጠ ለማወቅ ስፒከሩን ከቴፑ ነቅላችሁ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለአፍታ ብቻ አስነኩት፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገናኝ ሸራው ወደ ውጭ ብቅ ይላል።

ይህን ሁሉ የምለው ሰው ድምፁን የበለጠ እንዲከፍት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 20 ሰዓት፣ በ86 10፣ በ89 5። በሳምንት 60 ሰዓት የሚነዳ ሰው በ80 እንኳ ወሰኑን አልፏል። በዚህ ተራራ ላይ የምናየው ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት የድምፅ ሕዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በሩ የተደፈነ፣ ሽቦው የተስተካከለ መኪና ንግግሩን በዝቅተኛ ድምፅ አጥርቶ ያሰማል። የአምቡላንስ ሳይረንም ከኋላ ሲመጣ ይሰማል።

ከዚህ በኋላ ገንዘብ የተረፈው ትንሽ አምፕሊፋየር ሊጨምር ይችላል። የአምፕሊፋየሩ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ይምጣ፤ ፊውዙም ከባትሪው በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ይቀመጥ። ፊውዝ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ ከተደረገ፣ መሃል ላይ ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ እሳቱን የሚያቆመው የለም። «ችግር የለውም» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሥራው አልቆ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት በሾፌሩ ወንበር ተቀምጣችሁ፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ፣ ዜና የሚነበብበት ጣቢያ ክፈቱ። ዘፈን ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ የአንባቢ ድምፅ ግን አይሸፍንም። ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ የሚቀጥን የፉጨት ድምፅ ከተሰማ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ ነው። ቀለሙ ተፍቆ ሽቦው ንጹሕ ብረት ላይ እንደገና ይታሰር፤ ፉጨቱ ሲጠፋ ክፈሉ።