ልብን ሰብስቦ ስለ ማጥናት

መጽሐፍ ገልጦ የተቀመጠ ተማሪ፣ ዓይኑ በመስመሩ ላይ ሲሄድ ልቡ ግን ከቤት ወጥቶ ሲባዝን ቆይቶ፣ ገጹ ባለቀ ጊዜ ካነበበው አንዲት ቃል እንኳ እንዳልቀረችለት ሲያስተውል፣ ራሱን ሰነፍ ብሎ ይኰንናል፤ ይህ ፍርድ ግን ርኅራኄ የጐደለው ይመስለኛል። ኅሊና ሥራ ካልተሰጠው ራሱ ሥራ ይፈልጋልና።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ደቀ መዝሙሩ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። የቃል ትምህርት ደግሞ በምሽት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ይሰጣል፤ ዓይን የሚባክንበት ነገር የለምና ጆሮ ይነቃል።

የዛሬው ተማሪም አንዱን አንቀጽ አንብቦ መጽሐፉን ቢከድን፣ የተረዳውንም ድምፁን አሰምቶ በራሱ ቃል ቢናገር፣ ኅሊናው ሥራ አግኝቶ ይረጋል። ስልኩን በኪሱ ይዞ ፈቃዱን ከመፈተን ይልቅ በሌላ ክፍል ቢተወው ይሻለዋል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ እንዳመለከተው፣ በአንድ ጊዜ ከተደራረበ ድግግሞሽ ይልቅ በልዩ ልዩ ቀናት የተከፋፈለው ይበልጥ ይጸናል።

ስለዚህ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነቡ የሚያድሩ ልጆች ያሳዝኑኛል፤ ቀን የተማሩት በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነውና፣ ወላጆች መብራቱን በጊዜ ቢያስጠፏቸው መልካም ነው።