ዛፍ የሚለየው ቀለምና የሠራተኛው ጤና

በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ዛፍ ለሽያጭ ከመቆረጡ በፊት የደን ሠራተኞች የሚቆረጠውንና የሚቀረውን በቀለም ይለያሉ። ቀለሙ ፀሐይና ዝናብን ተቋቁሞ እንዲቆይ ሆኖ ይሠራል፤ የእንጨት ሌቦች አስመስለው እንዳይቀቡም መለያ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል።

የጤና ሥጋቱ በዋናነት ያለው ቀለሙን በሚያቀጥነው ፈሳሽ ላይ ነው። በዘይት ቀለሞች ውስጥ የተለመዱት ቶሉይንና ዛይሊን ፈጥነው የሚተኑ ሲሆኑ፣ ትነታቸው ራስ ምታትና ማዞር ያስከትላል፤ መጠኑ ሲበዛና ሲደጋገም የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሁለቱም የሚመክረው ጣሪያ፣ በሥራ ቀኑ አማካይ፣ ከሚሊዮን የአየር እጅ 100 ነው።

«ሥራው ሜዳ ላይ ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል» የሚለው አባባል እውነትነቱ ግማሽ ነው። ሠራተኛው ከግንዱ ሥር ቆሞ ስለሚረጭ፣ ነፋሱ ሲዞር ጠብታው ወደ ፊቱና ወደ እጁ ይመለሳል። የጨርቅ ጭምብል ጠብታን ቢቀንስ እንኳ ትነትን አያግድም። ከሁሉ የከፋው ልማድ ግን እጅን በቲነር ወይም በቤንዚን ማጽዳት ነው፤ የቆዳን ቅባት ስለሚያጥብ ለኬሚካሉ በር ይከፍታል። ቀለሙን በምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና መታጠብ ይሻላል።

በከተማ በርና መስኮት የሚቀባው ባለሙያ የሚይዘው ቲነርም ከዚሁ ወገን ነው። ውኃ ሲነካቸው እንደ ወተት የሚነጡ ብዙ ፈሳሽ ፀረ ተባዮችም የሚሟሙት በዛይሊን ወይም በቅርብ ዘመዶቹ ነው። ስለዚህ አርሶ አደሩ በጀርባው የሚያዝለው መርጫ ቢያፈስ፣ የነካው ልብስ ወዲያው መውለቅና ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ መታጠብ አለበት።