ልጃችሁ «የሽግግር ፍትሕ ልማር» ብትላችሁ አትሳቁባት

ስለ ሽግግር ፍትሕ በተነሣ ቁጥር ከወላጆች የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ልጅ ዲግሪዋን ትጨርስና «ማስተርሴን በሽግግር ፍትሕና በሰብአዊ መብት ነው የምሠራው» ትላለች። ቤቱ ይደነግጣል። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ለዚህ ነው ሌሊት ሥራ የገባነው? ነርሲንግ ምን ሆነ?» ይባላል። እኔ ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝ፣ የትምህርት ክፍያ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄውን አልንቀውም። ግን ምንነቱን ሳናውቅ ከመፍረዳችን በፊት ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

አንድ አገር ከጦርነት ወይም ከጨካኝ አገዛዝ ሲወጣ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የተገደለው ብዙ ነው፣ ገዳዩም ብዙ ነው። ያሉት ፍርድ ቤቶች ሁሉንም እንክሰስ ቢሉ ዕድሜ አይበቃቸውም። ሁሉም ይተው ከተባለ ደግሞ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ቂሙ ለልጅ ልጅ ይወርዳል። የሽግግር ፍትሕ በእነዚህ በሁለቱ መሀል መንገድ የሚፈልግ ሥራ ነው። አራት እግር አለው ብላችሁ ያዙት፦ ዋና ዋና አጥፊዎችን መክሰስ፣ የሆነውን እውነት በይፋ ማውጣት፣ ተጎጂን መካስ፣ በደሉን የፈጸሙትን ተቋማት ማስተካከል።

አገሮች በተለያየ መንገድ ሞክረውታል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኗ ፊት ተጎጂንም አጥፊንም አስቀምጣ መስማት ጀመረች። ምሕረት የፈለገ ያደረገውን ሙሉ በሙሉ መናገር ነበረበት። ከ7,000 በላይ ሰው አመለከተ፣ አብዛኛው ግን አልተሰጠውም። ሩዋንዳ ደግሞ ጋቻቻ በሚባለው የመንደር ሸንጎዋ እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን አየች። ሁለቱም ሲመሰገኑም ሲወቀሱም ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ብዙ ሰው ሀገራዊ ምክክርንና የሽግግር ፍትሕን አንድ ያደርጋቸዋል። ምክክር «ወደፊት እንዴት እንኑር?» የሚል ነው። የሽግግር ፍትሕ «ለተፈጸመው በደል ማን ይጠየቅ? ማን ይካስ?» የሚል ነው። ይገናኛሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

እኛ ከዚህ በፊት ሞክረነዋል

ደርግ ከወደቀ በኋላ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ተቋቁሞ ከ5,000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምና የባልደረቦቻቸው ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው የመጣው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው። ሰውዬው ግን ዚምባብዌ ነበሩ።

በዚያ ሥራ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የቀይ ሽብር ሰለባዎች በጅምላ የተቀበሩበትን ጉድጓድ ከፍተው፣ አፅሙን ለይተው፣ ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ካደረጉት ባለሙያዎች መካከል አርጀንቲናውያን ነበሩ። በአገራቸው ወታደራዊው አገዛዝ ያጠፋቸውን ወገኖቻቸውን ሲፈልጉ ሙያውን ተማሩ፤ ከዚያ ወደ እኛ መጡ። እናት የልጇን አፅም አግኝታ እንድትቀብር ያደረገው የእነሱ ዕውቀት ነው። እንግዲህ «ምን ያደርጋል?» ለሚለው አንዱ መልስ ይሄ ነው።

ምስክሩ እኛው መሀል ነው

አሁን ወደ ስደቱ እንምጣ። አትላንታ ውስጥ ሆቴል ትሠራ የነበረች አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ አሰቃየኝ የምትለውን ሰው እዚያው ሆቴል ሥራ ላይ አገኘችው። ሰውዬው የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ነው። ሦስት ሴቶች ሆነው ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው። በ2006 ከአሜሪካ ተባርሮ፣ ቀድሞ በሌለበት ዕድሜ ልክ ወደተፈረደበት አገሩ ተላከ።

ዴንቨር ላይ ደግሞ አንድ የቀድሞ እስረኛ የከፍተኛ 15ቱን ጠባቂ ከፈለኝ ዓለሙን በመልኩ ለየው። እ.ኤ.አ. በ2014 22 ዓመት ተፈረደበት። በምን? በግድያ እንዳይመስላችሁ። በሌላ ሰው ማንነት ገብቶ፣ ዋሽቶ ዜግነት በማግኘቱ ነው። አሜሪካ ውጭ አገር የተፈጸመን ማሰቃየት የምትቀጣበት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ የ1970ዎቹን አይነካም።

ሆላንድ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2017 ሄግ ላይ በጦር ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የ75 እስረኞች መገደል አንዱ ክስ ነበር። በ2022 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ሆላንዶች ከ1952 ጀምሮ የሚሠራ የጦር ወንጀል ሕግ ነበራቸው።

ልብ በሉ፤ በሦስቱም ቦታ ነገሩ የቆመው በሕይወት በተረፈ ሰው ቃል ላይ ነው። ልዩነቱ የአገሩ ሕግና ያንን ቃል ወደ ማስረጃ የሚለውጥ ባለሙያ ነው። ትምህርቱ የሚያወጣው እንዲህ ያለውን ባለሙያ ነው።

ክፍል ውስጥ የሚማሩት

ዓለም አቀፍ የወንጀል ሕግና የሰብአዊ መብት ሕግ አለ። የእውነት ኮሚሽን አሠራርና የካሳ ዓይነቶችም አሉ። ካሳ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሕክምና፣ የተወሰደን ቤት መመለስ፣ በይፋ ይቅርታ መጠየቅ፣ «ዳግም አይደርስም» የሚል ዋስትናም ካሳ ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የምስክርን ቃል አቀባበል ነው። የተደፈረችን ሴት አሥር ሰው አሥር ጊዜ አይጠይቃትም፤ ቁስሏ ይቀሰቀሳል፣ ቃሏም በየጊዜው ትንሽ ስለሚለያይ ተከላካይ ጠበቃ ይይዘዋል። ፈቃዷን ሳይጠይቁ ፊቷን አያሳዩም። ቪዲዮ ከሆነ ኦሪጅናሉ ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል፤ ማን ቀረጸው፣ የት፣ መቼ የሚለው ይጻፋል። እኛስ? በቴሌግራም ከአንዱ ወደ አንዱ ስንወረውረው ቀኑም ቦታውም ከፋይሉ ይጠፋል። ዩቲዩብም ሲያወርደው በቃ፣ አለቀ። ተጎጂን ላይቭ አስገብቶ የሚያስለቅስ ቻናል ብዙ ነው፤ ቃሏን ለፍርድ በሚሆን መልክ የሚያስቀምጥላት ግን ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜው ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲፈረም የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲዘረጋ ግዴታ አስቀምጧል። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ፖሊሲውን አጽድቋል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎት፣ የእውነት ኮሚሽን ይላል። «ጥይት ሳይቆም የምን ሽግግር?» የሚል ሰው አለ፤ እውነት አለው። ቢሆንም ምስክር ያረጃል፣ ይሞታል፣ ስልክ ይጠፋል። ማስረጃ ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም።

ላይቤሪያውያንን እዩ። የእነሱ የእውነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ሚኒሶታ ድረስ መጥቶ ስደተኞቹን በይፋ ሰማ። ከዚያ በፊት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጋና መጠለያ ካምፕ ካሉት ላይቤሪያውያን ቃል ሲሰበስቡ ነበር። ነገ የእኛ ኮሚሽን ሲቋቋም ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት፣ ሪያድ ያለውን ተጎጂ ማን ይሰማዋል? አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ከሕጉ ጋር የምታውቅ ልጅ ካልሆነች ማን?

እንጀራስ?

አልዋሻችሁም፤ እንደ ነርሲንግ በር ላይ የሚጠብቅ ሥራ የለም። ግን አለ፦ የጥገኝነት ጠበቆች ቢሮ፣ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች፣ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች፣ በአውሮፓ ዐቃቤ ሕጎች ሥር ያሉ የጦር ወንጀል ክፍሎች። ትምህርቱ ጄኔቫ የአንድ ዓመት ማስተርስ ሆኖ ሲሰጥ ቆይቷል። በሰሜን አየርላንድ የአልስተር ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ተቋም አለው። ፕሪቶሪያና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎችም የሰብአዊ መብት ማዕከል አላቸው። ምክሬ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ስኮላርሺፕ ትፈልግ፤ ከባድ ብድር ውስጥ አትግባ። የሕግ ወይም የምርመራ ሙያ ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትደነግጡ። ይሄ ትምህርት ተጎጂን በብሔሩ አይለይም። ልጃችሁ ሁለተኛውን ሴሚስተር ጨርሳ ስትመጣ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ «የእነሱ ጭካኔ» ስትባባሉ፣ «ከእኛስ ወገን ያጠፋ የለም ወይ? የእነሱን ተጎጂስ ማን ሰማው?» ማለቷ አይቀርም። ያን ቀን አትቆጧት። ቡናዋን ቅዱላትና ስሟት።

ቸር እንሰንብት።