«ያልተመደበ» ስለሚለው ስያሜ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚዘጋጅበት ፕሮጀክት ውስጥ ስሕተት ያገኘ ወይም ማሻሻያ የሚሻ ሰው ጉዳዩን በመከታተያ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ቁጥር ተሰጥቶት የተመዘገበው ጉዳይ በባለሙያዎቹ ዘንድ «ቲኬት» ይባላል። ቲኬቱ በየትኛው የፕሮግራሙ ዕትም እንደሚፈጸም የሚወሰንበት ጊዜ አለ፤ ሳይወሰንለት የሚቆየውም ብዙ ነው። ይህን ዕትም ያልተቈረጠለትን ቲኬት በአማርኛ ምን እንበለው?

በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ያልተመደበ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ግን ሠራተኛ ያልተመደበለትንም ጉዳይ ያመለክታል። ዕትም ተቈርጦለት ሠራተኛ ያላገኘ ቲኬት እንዳለ ሁሉ ሠራተኛ አግኝቶ ዕትም ያልተቈረጠለትም ይኖራል። ስለሆነም ቃሉ ሁለቱን ያደባልቃል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውን ዎርድፕሬስ የተባለውን የድረ ገጽ ማዘጋጃ እንመልከት። በመከታተያ መዝገቡ አዲስ ቲኬት «አዌይቲንግ ሪቪው» በሚባለው ክፍል ይገባል፤ ገና አልተመረመረም ማለት ነው። ተመርምሮ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ዕትሙ ግን ሳይወሰን ሲቀር፣ ወደ «ፊውቸር ሪሊዝ» ይዛወራል። ከዚህም ሌላ «ሜይቢሌተር» የሚባል ውሳኔ አለ። ይህኛው ቲኬቱን ይዘጋዋል። የኋለኞቹን ሁለቱን «ለወደፊት» ብሎ የሚተረጕም ሰው ክፍት የሆነውንና የተዘጋውን ጉዳይ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ባለጉዳዩም ማመልከቻው ሥራ ይጠብቅ ወይም ይሰናበት ሳያውቅ ይቀራል።

በእኛ አስተያየት ለዚህ የሚበጀው ቃል በፍርድ ቤትና በስብሰባ ቋንቋችን ውስጥ አለ። የጥቅሉ ስያሜ «ቀጠሮ ያልተያዘለት» ቢሆን፣ ቀጠሮ የሚያዘው ለጉዳዩ እንጂ ለሠራተኛው ስላልሆነ፣ የመጀመሪያው መደባለቅ ይወገዳል። በዚህ ጥቅል ሥር ያልተመረመረው «ያልታየ»፣ ተቀባይነት አግኝቶ ዕትሙን የሚጠብቀው ደግሞ «በይደር የተያዘ» ይባል። «ይደር» ከ«አደረ» የወጣ ነው፤ በስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ በይደር ተያዘ ሲባል አልተጣለም፣ አልተወሰነምም ማለት እንደሆነ ሁሉም ይረዳዋል። የሦስተኛው ስያሜ «ለጊዜው የተዘጋ» ሲሆን ከጥቅሉ ውጭ ይቆማል፤ የተዘጋ መዝገብ ቀጠሮ አይጠብቅምና። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ግን መዝገቡ እንደገና ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ያስታውሳል።

«በይደር» የአንድ ሌሊት ቆይታን ብቻ ያሰማል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም የዛሬው አጠቃቀም ከሥርወ ቃሉ ርቋል፤ ስያሜም የሚመዘነው በአጠቃቀሙ ነው። ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ሐረግ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ጉዳዩ ታይቷልን? ክፍትስ ነውን? የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ከታወቀ ትክክለኛውን ቃል መምረጥ አያስቸግርም።