ስለ ድብደባ፤ የእርቅ ወሰንና የፍርድ ወሰን

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለው የአባቶች ተረት በችሎት ፊት በየቀኑ ይታያል። መቺው ነገሩን የአንድ ጊዜ ቍጣ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ የተመታው ግን ሕመሙንና ኀፍረቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ የመያዝ ሥራ ስላለን፥ በቤተ ሰብና በጎረቤት መካከል የሚነሣው ድብደባ ምን ያህል ቤት እንደሚያናጋ እንመለከታለን። ስለዚህ ሕጉ በዚህ ነገር የሚያዝዘውን፥ የቤተ ሰብ ኀላፊዎችና አስታራቂዎች የሆኑ አንባቢዎቻችን ያውቁት ዘንድ በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

በቀድሞ ዘመን የተመታ ሰው በሕግ አምላክ ብሎ መቺውን ባቆመ ጊዜ፥ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ዳኛ ሆኖ ነገሩን ይሰማ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ ቍራኛ ሆነው ወደ ሹሙ ይሄዱ ነበር። ዋስ ይጠራል፥ ውርርድ ይያዛል፤ በመጨረሻውም ወይ ካሳ ይቈረጣል፥ ወይም ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ከዚያ በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ይኸኛውም በተራው በ1996 ዓ.ም. ለወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለጸናው የወንጀል ሕግ ቦታውን ለቀቀ። ልማዱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዛሬም ብዙ የድብደባ ነገር ወደ ዳኛ ከመድረሱ በፊት ወደ ሽማግሌ ይደርሳል።

ሕጉ ድብደባን ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዝነውም። ለምሳሌ ያህል ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ውርስ ተጣሉ እንበል። ታናሹ ታላቁን በጥፊ መትቶ ሰንበር ወይም እብጠት ወይም ቶሎ የሚያልፍ ሕመም ብቻ ያደረሰበት እንደ ሆነ፥ ይህ በአንቀጽ 560 የእጅ እልፊት ይባላል፤ የሚያመጣውም መቀጮ ወይም፥ ነገሩ የከበደ እንደ ሆነ፥ አጭር እስራት ነው። በቡጢ መትቶ ከንፈሩን የሰነጠቀው እንደ ሆነ ግን በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት ይሆንና እስከ 1 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። ያንኑ ከንፈር በዱላ ቢሰነጥቀውስ? ጉዳት ለማድረስ በሚችል መሣሪያ መትቷልና ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ይሆናል። የተመታው ሰው ደካማ ወይም በሽተኛ ወይም ራሱን ለመከላከል የማይችል የሆነ እንደ ሆነም እንደዚሁ ነው። በአገራችን ዱላ መያዝ በብዙ ስፍራ እንደ ልብስ ተቈጥሮ ስለ ኖረ፥ ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አያስተውለውም። ታናሹ አስቦ የታላቁን ዐይን ያጠፋ ወይም እጁን ያሰናከለ ወይም ሕይወቱን የሚያሰጋ ቍስል ያደረሰበት እንደ ሆነ ደግሞ በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ነው።

ከእነዚህ መካከል የእጅ እልፊትና ያለ መሣሪያ የደረሰው ቀላል ጉዳት የሚያስከስሱት ተበዳዩ ራሱ አቤት ሲል ነው። ስለዚህ በእነዚህ የእርቅ በር ሰፊ ነው። ነገር ግን አቤቱታው ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም ወንጀለኛውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙዎች የሚጐዱት እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ መቺው ዛሬ ለቅሶ አለብኝ፥ ነገ መንገድ እሄዳለሁ እያለ ቀጠሮ ያስለውጣል፤ ተበዳዩም ሽማግሌ ላለማስቀየም ዝም ይላል። ወራቱ ባለፉ ጊዜ መቺው እርቁንም ካሳውንም ይተዋል፤ ተበዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ቢመጣ ጊዜህ አልፏል ይባላል።

የተመታ ሰው ነገሩን ለፖሊስ ጣቢያ ማስታወቅና ቍስሉ ሳይሽር በሐኪም መታየት ይገባዋል። የእጅ እልፊትን ከቀላል ጉዳት፥ ቀላሉንም ከከባዱ ለመለየት ዳኛው የሐኪሙን ማስረጃ አጥብቆ ይመረምራል። የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በዋስ መለቀቁም የሚወሰነው በዚያ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ካቀረበ በኋላ ተከሳሹ ይጠየቃል፤ ቢክድ ምስክር ይሰማል። ማስረጃው ካልበቃ በነፃ ይሰናበታል፤ ከበቃ ተከላከል ይባላል። ጥፋተኛ በተባለም ጊዜ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ሁለቱም ወገኖች አስተያየታቸውን ያቀርባሉ። መጸጸቱ፥ ጥፋቱን ማመኑና ተበዳዩን መካሱ ቅጣቱን ሊያቀሉለት ይችላሉ። ተበዳዩም ለሕክምና ያወጣውንና ከሥራ ቀርቶ ያጣውን ካሳ በዚያው መዝገብ ለመጠየቅ ይችላል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ ተበዳዩ ራሱ በግል በሚከስበት ነገር ዳኛው አስቀድሞ ባለጋራዎቹን ለማስታረቅ እንዲሞክር አዝዟል። እርቁ ሲወርድ በመዝገብ ይጻፋል፤ እንደ ፍርድም ይጸናል። በዱላ ወይም በስለት የደረሰው ጉዳትና ከባዱ ጉዳት ግን የሁለት ሰዎች ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሽማግሌዎች ደም ቢያደርቁ መልካም ነው፤ ቂሙ ለልጅ ልጅ እንዳይተርፍ ይረዳል፤ ቅጣት ለማቅለልም ሊጠቀስ ይችላል። ይሁን እንጂ ታርቀናልና መዝገቡ ይዘጋልን ማለት አይቻልም።

ስለ ትዳርም አንድ ቃል እንጨምራለን። ሚስትን መምታት የቤት ገመና ነው እየተባለ ብዙ ዘመን ተሸፍኖ ኖሯል። የ1949ኙ ሕግ ስለዚህ ነገር ለብቻው የተጻፈ አንቀጽ አልነበረውም። የ1996ቱ ሕግ ግን በአንቀጽ 564፥ በትዳር ጓደኛው ወይም አብራው በምትኖር ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ከላይ በተነገሩት አንቀጾች እንደሚቀጣ ለይቶ ጽፏል። በጋብቻ የተሰጠ የመምታት ሥልጣን የለም ማለት ነው። ስለሆነም አስታራቂ ሆኖ የተጠራ ሰው፥ ሴቲቱን ለልጆችሽ ብለሽ ቻዪው ብሎ ከመመለሱ በፊት፥ ሐኪም አይቷት እንደ ሆነ፥ የምታድርበት ቤት የማያሰጋት እንደ ሆነ፥ በድጋሚ ቢመታት ዋሱ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ባል ጥፋቱን ሳያምንና ሳይክስ የሚደረግ እርቅ ዝምታ እንጂ ሰላም አይደለም።

ለሽማግሌዎቻችን ያለን አክብሮት ታላቅ ነው፤ ብዙ ቤት ከመፍረስ ያዳኑ እነርሱ ናቸውና። ስለዚህ አስታራቂ ሆኖ የተቀመጠ ሁሉ በመጀመሪያ የቍስሉን ዓይነት ይመልከት፤ ሁለተኛ ቀኑን ይቍጠር፤ ሦስተኛ ካሳው በእርግጥ መከፈሉን ይወቅ። የእርቅ ወሰን ያለፈ ነገር ሲገጥመው ተበዳዩን ይዞ ወደ ዳኛ ቢሄድ ሽምግልናው አይዋረድም፤ እንዲያውም ይከበራል።